የአራት ብሩ ተመንና አቶ ዓምደ ሚካኤል ገሠሠ

«ማንም ሰው ደጄ ድረስ መጥቶ ‹ለእገሌ ሰጥተህ እኔን ለምን ነፈግኸኝ› እንዳይለኝ።» አባታችን አቶ ገሠሠ ወልደ ጊዮርጊስ እህል ሲሰፍሩም፣ የቅርጫ ሥጋ ሲመድቡም ይህችን ቃል ይደጋግሟት ነበር። ዛሬ በኪዳነ ምሕረት ደጅ ቆሜ የታላቅ ወንድሜን የአቶ ዓምደ ሚካኤል ገሠሠን ዜና ሕይወት ሳነብ ከእሷ የምጀምረው፣ ወንድሜ ከአባታችን ከወረሱት መሬትና ከብት ሁሉ ይልቅ አጥብቀው የያዙት ይህችን ቃል ስለ ነበረና፣ ያስከበረቻቸውም ያቃጠለቻቸውም እሷው ስለ ሆነች ነው።

አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ኃይለ ኢየሱስ ዳዊት ከመድገም ያለፈ ትምህርት የለኝም። «ለመምህሩ ስጥና እሳቸው ያንብቡልህ» ያላችሁኝ አላችሁ፤ በቅን እንዳላችሁኝም አውቃለሁ። ነገር ግን ወደ መጨረሻው ላይ በገዛ አፌ መናገር ያለብኝ ነገር ስላለ ወረቀቱን ለሌላ ሰው አልሰጠሁም። ቃሉ ቢጎረብጥ፣ ንባቤም ቢንቀረፈፍ፣ ስለ ሟቹ ብላችሁ ታገሡኝ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ገሠሠ ወልደ ጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ማርያም ዘውዴ በ1922 ዓ.ም. በመንዝ ጌራ ምድር፣ በዚህችው በጥድ አምባ አጥቢያ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚህ ደብር ከነበሩት ከመሪጌታ መርስዔ ኃዘን ዘንድ ገብተው ፊደል ከለዩና ዳዊት ከደገሙ በኋላ ዜማ ሊጀምሩ ሲሉ፣ አባታችን በጓሳ ሜዳ ከፈረስ ወድቀው ጎናቸው ስለ ተሰበረ፣ የበኩር ልጅ ናቸውና ትምህርቱን ትተው ሞፈሩን ያዙ። መሪጌታም «ይህ ልጅ ድምፅ አለው፣ አታስቀሩብኝ» ብለው ሁለት ጊዜ ቤታችን ድረስ መጥተው ነበር፤ ግን የሚያርስ ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ ያን ጊዜ ገና በእናቴ ጀርባ ነበርሁ።

አባታችን ጓሳን ከሚጠብቁት ሽማግሌዎች አንዱ እንደ ነበሩ ታላላቆቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የቤት ክዳን የሚሆነው ሣር ለዓመታት ተከልሎ ቆይቶ የሚታጨድበት ቀን ሲደርስ፣ የትኛው አጥቢያ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ማን አስቀድሞ ማጭዱን እንደሚያሳርፍ የሚለዩት እነሱ ነበሩ። ተራው የሚወጣው በቤት ቁጥር ነበር እንጂ ጣራው ላፈሰሰበትና ላላፈሰሰበት ተብሎ አልነበረም፤ ጣራው ደኅና የሆነውም ሰው ተራው ከደረሰ ድርሻውን አጭዶ፣ ከምሮ፣ ለከርሞ ያቆየዋል። ሣር ይቆያልና በዚህ የተጎዳ የለም። ወንድሜም ከአባታችን ኋላ ኋላ እየሄዱ ይህን ሥርዓት ሲያዩ አድገው፣ በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ ትክክል የሆነ አከፋፈል ያለ አይመስላቸውም ነበር።

በ1943 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጥሩሸዋ አበጋዝ ጋር በቁርባን ተጋብተው አምስት ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱ በሕፃንነታቸው አርፈው ይመኙሻል፣ ገብረየሱስና ብርነሽ አደጉላቸው። ገብስ አርሰው፣ በግ አርብተው፣ ግብራቸውን ገብረው፣ ከሰው ሳይጣሉ ሲኖሩ መንግሥት ተለወጠና፣ በ1968 ዓ.ም. የጥድ አምባ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሊቀ መንበር አድርጎ መረጣቸው። «እኔ ሹመት አልችልም» ብለው ቢሸሹም ከአማታቸው ቤት ድረስ ሄዳችሁ ያመጣችኋቸው እናንተው ናችሁ። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ከልጆቻቸው እኩያ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ማባዛትና ማካፈል ተማሩ። አስተማሪው «ጋሼ ዓምደ ሚካኤል፣ ይህ ለምን ይጠቅመኛል ብለው ነው?» ሲላቸው «እንጃ፣ ለሰው ሳካፍል እንዳልሳሳት ነው» ይሉት ነበር።

አሁን ስለ ወረቀቱ እነግራችኋለሁ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው፤ ነገር ግን ከሌላ አገር የመጣችሁ ለቀስተኞች ስላላችሁ ከሥሩ መናገር ይሻላል። መክፈል የማይችል ገበሬ ሲታመም፣ ማኅበሩ ማኅተም ያለበት የነጻ ሕክምና ወረቀት በስሙ ይጽፍለታል፤ ሆስፒታሉ በዚያ ወረቀት ያክመዋል፤ መንግሥትም ለሆስፒታሉ በበሽተኛው ቁጥር ወጪውን ይተካለታል። ይህ በ1972 ዓ.ም. ሲነገረን ሕዝቡ መርቆ ተቀበለው። ነገር ግን ለአንድ ማኅበር የተፈቀደው በወር ሦስት ወረቀት ብቻ ነበር፤ ወሩ ካለቀ ደግሞ ወረቀቱም ያበቃለታል። ሆስፒታሉ ከእኛ በመኪና የአንድ ቀን፣ በቃሬዛ የሦስት ቀን መንገድ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሠራተኞቹ በሌላቸው ነገር እንዲወቀሱ አልፈልግም።

ጥድ አምባ ሁለት መቶ አሥራ አራት አባወራ አለ። ወረቀቱ ሦስት ነው። ወንድሜ ያን ጊዜ ያደረጉት አባታችን ጓሳ ላይ ያደርጉት የነበረውን ነው፤ በቤት ቁጥር ተራ አወጡ። በየወሩ መጀመሪያ ሦስት አባወራ ይጠራና፣ ታመመም አልታመመም፣ በስሙ ወረቀት ተጽፎ ይሰጠዋል። ለዘመዳቸው አላዳሉም፤ ጠላታቸውንም አልነፈጉም። የእኛ ቤት ተራ በስድስተኛው ዓመት ነበር የሚደርሰው። ሕዝቡም «እንዲህ ያለ ሊቀ መንበር ከየት ይገኛል» አለ፤ እኔም ብያለሁ።

ተራው የደረሰው ሰው ደግሞ ወረቀቱን ወስዶ ምን አደረገው? ያልታመመው በሳጥን አኖረው። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከግብር ደረሰኙ ጋር አድርጎ፣ ለክፉ ቀን ብሎ አኖረው። ቀን እንዳለው የሚያነብ ጥቂት ነበር፤ ያነበበውም «ቀኑ ቢያልፍ ማኅተሙ መች ይጠፋል» አለ። ወረቀት እንደ ሣር የሚቆይ መስሎን ነበር። ይህን ስሕተት ሁላችንም ሠርተነዋል፤ በማንም አላሳብብም።

በጥር ወር 1975 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸው ይመኙሻል ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ምጥ ያዛት። በሁለተኛው ቀን አዋላጂቱ እጇን ታጥባ ወጣችና «ልጁ ተጋድሟል፣ ከእኔ በላይ ነው» አለች። የዚያ ወር ሦስት ወረቀቶች ወጥተው አልቀዋል። ከሦስቱ ባለ ተራዎች አንዷ ጎረቤታችን ወይዘሮ ጌታነሽ ነበሩ፤ እዚህ ቆመዋል። ወረቀቱን ከሳጥናቸው አውጥተው፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሮጠው መጡ። እኔ በደጃፉ ቆሜ ነበርና የተባባሉትን ሰምቻለሁ።

«ጋሼ ዓምደ ሚካኤል፣ ይኸው። ቤቴ ማንም አልታመመብኝ። ለልጅቱ ይሁን» አሏቸው።

«የተጻፈው በአንቺ ስም ነው ጌታነሽ።»

«ታዲያስ? ልጅቱ በእኔ ስም ትግባ። እዚያ የሚያዩት ሆዷን ነው እንጂ ስሟን ነው?»

«ዛሬ ለልጄ ካደረግሁት ነገ ለማን እከለክላለሁ? ያንቺ ተራ ያንቺ ነው። ውሰጂው።»

«ልብ አለዎት ግን?» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከውስጥ ሆነው ይህን ሁሉ ይሰሙ ነበር። እኔ ደግሞ ቆሜ ዝም አልሁ፤ ያን ዝምታዬን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ወረቀት የሌለው በሽተኛ መያዣ ገንዘብ ሳያስይዝ አይገባምና፣ አንዱን በሬ ነድተን መሐል ሜዳ አወረድን፤ ገበያው እስኪውል አንድ ቀን ከግማሽ ሄደ። ቃሬዛውን አንሥተን መንገድ ስንጀምር ይመኙሻል ድምፅ አልነበራትም። በሦስተኛው ቀን ሞፈር ውሃን ልንሻገር ስንወርድ ልጇን በሆዷ እንደ ያዘች አረፈች። ወንድሜ የበሬውን ገንዘብ ከመቀነታቸው ፈትተው ድንጋይ ላይ አኖሩትና፣ እስክንመለስ ድረስ አላነሡትም፤ ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ እዚሁ ጥዱ ሥር ቆሙና «ተራው ገደላት። ተራውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም «በየሳጥናችሁ ያለውን ወረቀት አምጡልኝ። አልቆጣም፤ መቁጠር ብቻ ነው የምፈልገው» አሉን። አንዳንዱ አፍሮ ቆየ፤ ኋላ ግን ከየቤቱ ይወጣ ጀመር። ጢስ ያጠቆረው፣ ቅቤ የነካው፣ እጥፋቱ ያልተፈታ ወረቀት። ከተሰጠው ከመቶ ሃያው ወረቀት ማንም ሳይታከምበት ቀኑ ያለፈው ሠላሳ አንድ ሆኖ ተገኘ። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ቆጠሩትና «ሠላሳ አንድ ሰው» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተራ ቀርቶ፣ ወረቀቱ በኮሚቴ እየታየ ሕመሙ ለጠናበት ሰው እንዲሰጥ ሆነ። ኮሚቴውም ሲሳሳት ኖሯል፤ ቢሆንም በሳጥን የተኛ ወረቀት ከዚያ ወዲህ የለም።

ወረቀቱ ግን ያው ሦስት ነበር። ወንድሜም «ለምን ሦስት ሆነ?» ብለው ሊጠይቁ ሆስፒታሉ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። በገንዘብ ቤቱ መስኮት ወይዘሪት ኮከቤ የምትባል ሒሳብ ያዥ ነበረች፤ ክፉ ሰው አልነበረችም። የነገረቻቸውን ወንድሜ ደጋግመው ስላጫወቱኝ በቃሌ ይዤዋለሁ።

«አባባ፣ እኛ ስለምንጠላችሁ አይምሰላችሁ» አለቻቸው። «ለአንድ ነጻ ወረቀት የሚተካልን አራት ብር ነው። ለከተማው ሆስፒታል አሥራ አንድ ብር ይተካለታል።»

«የሰው ሆድ አንድ አይደለም ወይ ልጄ?»

«ተመኑን ያወጡት ሰዎች የገጠር በሽተኛ ጧት መጥቶ፣ ኪኒን ተቀብሎ፣ ከሰዓት በኋላ የሚመለስ ነው ብለው ነው።»

«ሦስት ቀን በቃሬዛ የመጣውስ?»

«እሱ ቅጹ ላይ መስመር የለውም» አለቻቸው።

ወንድሜ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደብተራቸውን አወጡ። አንድ የተኛ በሽተኛ ለመድኃኒቱ፣ ለምግቡ፣ ለመብራት ሞተሩ ናፍጣ ሃያ ሁለት ብር እንደሚፈጅ ጠይቀው ነበርና ያንን ከአራቱ ብር ጋር አስተያዩት። ሆስፒታሉ አንድ የእኛን ሰው ባዳነ ቁጥር አሥራ ስምንት ብር ይጎድለዋል። ብዙ ባዳነ ቁጥር ቶሎ ይዘጋል። በደጁ የሞተው ደግሞ አልገባምና ምንም አያጎድልበትም። ስለዚህ ነው በር ላይ ቆጥረው የሚያስገቡን። ወንድሜ ይህን ሲረዱ ልጃቸውን የገደለው የእሳቸው ተራ ብቻ እንዳልነበረ አወቁ፤ ነገር ግን ይህን ማወቃቸው አላቀለለላቸውም። «ሁለት ሆነን ገደልናት» ይሉ ነበር።

ከ1975 እስከ 1978 ዓ.ም. ያላንኳኩት ቢሮ የለም። መሐል ሜዳ ስንት ጊዜ እንደ ሄዱ አልቆጠርሁም፤ ደብረ ብርሃን ሰባት ጊዜ፣ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ሄደዋል። ማመልከቻቸው አጭር ነበር፦ የገጠር በሽተኛ ታሞ የሚደርሰው ዘግይቶ ነውና ተመኑ በበሽተኛ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ በተኛበት ሌሊት ቁጥር ይሁን የሚል ነው። በአንዱ ቢሮ አንድ ሹም ማመልከቻውን አገላብጦ «አባባ፣ እርስዎ ሐኪም ነዎት ወይስ የሒሳብ ባለሙያ?» አላቸው።

«እኔ ቃሬዛ ተሸካሚ ነኝ፣ ጓድ።»

«የቃሬዛ ጉዳይ እኛን አይመለከትም፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው» አላቸው። ወንድሜም አምነው ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። እዚያ ያለው መጋዘን ነበር።

ደብረ ብርሃን ባደሩ ቁጥር ገብስ ቆሎ ይዘው ነበር የሚሄዱት፤ በሰው ደጅ እንዳይለምኑ። ድርቁ በበረታበት በ1977 ዓ.ም. ቆሎውም ጠፋና፣ አንዲት የማያውቋት ሴት አሳዝነዋት እንጀራ ብትሰጣቸው ግማሹን ለእኔ አምጥተውልኛል። በዚያው ዓመት ከሰባት ማኅበራት የአራት መቶ ሰው ጣት በቀለም አስነክረው አስፈረሙ። ያን ጊዜ ያለ ፈቃድ ሕዝብ ማስፈረም ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። አሥራ አንድ ቀን ታሰሩ። ከሊቀ መንበርነቱም ተነሡ። ሲፈቱ ምን እንደ ደረሰባቸው ወይዘሮ ጥሩሸዋ ቢጠይቋቸው «ገብስ አለ ወይ?» አሏቸው። ጥርሳቸው ሁለት ጎድሎ ነበር።

ወደ መጨረሻው፣ በሐምሌ ወር 1978 ዓ.ም. አንድ ደብዳቤ መጣ። ያስፈረሙት ወረቀት ነው ያመጣው ወይስ ሌላ ምክንያት፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ተመኑ ከአራት ብር ወደ አምስት ብር ከሃምሳ ከፍ ብሏል ይላል፤ በሌሊት ይሁን ያሉት ግን አልተነሣም። በዚህ ጭማሪ ሆስፒታሉ ለየማኅበሩ አንድ ወረቀት ጨመረ፤ ሦስቱ አራት ሆነ። አንዳንዶቻችሁ «ይህን ሁሉ ዓመት ደክሞ ያመጣው አንድ ወረቀት ነው» ብላችሁ ስትሥቁ ሰምቻለሁ። እሳቸውም ይሰሙ ነበር፤ «አዎ፣ አንድ ነው» ይሉ ነበር። ያ አንዱ በወር አንድ ሰው ነውና እስከ ዛሬ አሥራ ሰባት ሰው ታክሞበታል። ማን ማን እንደ ሆናችሁ ራሳችሁ ታውቃላችሁ፤ አሁን በዚህ ደጅ ቆማችሁ የምታለቅሱ አላችሁበት።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ባለፈው ዓመት ከነሐሴ ጀምሮ ጎናቸውን ያማቸው፣ ዓይናቸውም ቢጫ ይሆን ጀመር። ፀበል ተጠመቁ፤ ትንሽ ቀለል ብሏቸው ነበር። በኅዳር ወር ግን ሆዳቸው እየተነፋ ምግብ እምቢ አላቸው። ሊቀ መንበርነቱ ቢቀርም ከኮሚቴው አልወጡም ነበርና፣ የኅዳር አራት ወረቀቶች ሲከፋፈሉ ጋቢ ለብሰው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ሦስቱ ለጠናባቸው ከተሰጠ በኋላ አራተኛው ቀረ። ጡቷ ላይ እባጭ ወጥቶባት ሕፃኗን ማጥባት ላቃታት ለአመተሥላሴ ይሁን ያሉት እሳቸው ናቸው።

«ወንድም ጋሼ፣ እርስዎም እኮ ታመዋል» አልኋቸው።

«እሷ የሚጠባ ልጅ አላት። እኔን የሚጠባ የለም» አሉኝ። ኮሚቴው ሣቀ፤ እሳቸውም ሣቁ።

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው መተንፈስ አቃታቸው። «ታኅሣሥ አንድ ቀን አዲሱ ወረቀት ይመጣል፤ እስከዚያ ልቆይ» አሉ። እኔ ግን እምቢ አልሁ። በጉንም ዶሮውንም ሸጠን፣ ከመሐል ሜዳ በጭነት መኪና ጭነን፣ ሰኞ ኅዳር 27 ቀን ሆስፒታሉ በር ደረስን። መያዣው ስልሳ ብር ነው ተባልሁ። በእጄ የነበረው ሠላሳ አራት ነው። ለመንሁ። ዘበኛው «አባቴ፣ እኔን ምን ያደርጉኛል፤ እኔ በሩን እንጂ ተመኑን አልጠብቅም» አለኝ። እውነቱን ነው። ወንድሜን ከግንቡ ሥር አጋድሜ፣ ጋቢዬን አልብሼ፣ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ቆሜ ሳለሁ፣ በቅሎ የያዘ አንድ የመርሐቤቴ ሰው ወደ እኔ መጣ። በቅሎዋ ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ሰው ተጭኖ ነበር። ጥቂት ቃል ተናገረኝ፤ ወረቀት በእጄ አኖረ፤ በቅሎዋን ስቦ የዓለም ከተማን መንገድ ያዘ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። የነገረኝን ቃል በመጨረሻ አነብላችኋለሁ።

እንግዲህ በገዛ አፌ ልናገረው ያልኋችሁ ይህ ነው። ወንድሜን ሆስፒታል ያስገባሁት በሌላ ሰው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ የነበረው ስም አቶ ዳኜ ተሰማ ይላል። ስሙ ሲጠራ «አቤት» ያልሁት እኔ ነኝ። በመስኮቱ የነበረው ሰው ማን እንደ ሆነ አልናገርም፤ ወንድሜን ያውቃቸው ነበር፤ ወረቀቱን አየ፣ ፊታቸውን አየ፣ ማኅተሙን መታ። የሚከሰኝ ሰው ካለ እዚሁ ነኝ፤ ለነፍስ አባቴ ግን ነግሬ ቀኖናዬን ተቀብያለሁ።

በማግሥቱ ሐኪሟ «አቶ ዳኜ፣ እንዴት አደሩ?» ስትላቸው ወንድሜ ነቅተው ሰሙ። ስትወጣ «ዳኜ ማን ነው?» አሉኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን «እስከ መቼ ይሠራል?» አሉኝ።

«እስከ ሐሙስ፣ ኅዳር ሠላሳ።»

«ይበቃኛል» አሉ። ቀጥለውም «ለጌታነሽ ንገርልኝ። ያን ጊዜ ያለችው ልክ ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትሁት፤ ሰው በተሰበሰበበት ንገርልኝ» አሉኝ። ወይዘሮ ጌታነሽ፣ ይኸው አደራዬን አድርሻለሁ።

ረቡዕ ኅዳር 29 ቀን 1980 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ ውሃ ጠጥተው፣ በስመ አብ ብለው ፊታቸውን አማትበው፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ሐኪሟ ጉበታቸው እንደ ሆነና ከሁለት ወር በፊት ቢመጡ ሌላ ነገር ሊሆን ይችል እንደ ነበረ ነግራኛለች። በሆስፒታሉ መዝገብ በዚያ ቀን ሞተ ተብሎ የተጻፈው ዳኜ ተሰማ ነው። ዓምደ ሚካኤል ገሠሠ የሚባል ሰው እዚያ አልታከመም፣ አልሞተምም። ስለዚህ እኔ መሃይም ብሆንም ይህን ጽሑፍ ጻፍሁ፤ የወንድሜ ስም ቢያንስ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲገኝ ነው። ዛሬ ዓርብ ታኅሣሥ አንድ ቀን ነው። አዲሶቹ አራት ወረቀቶች ዛሬ ጧት መጥተዋል፤ ኮሚቴው ከዚህ ሲነሣ ተቀምጦ ይያቸው፣ ለነገ አያሳድራቸው።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩሸዋን፣ በሰሜን ጦር ግንባር ያለውንና የአባቱን ሞት ገና ያልሰማውን ልጃቸውን ገብረየሱስን፣ ሴት ልጃቸውን ብርነሽን፣ ከይመኙሻል የቀረችውን አንዲት የልጅ ልጃቸውንና እኔን ወንድማቸውን በሐዘን ትተውን ሄደዋል። በሕይወታቸው ሳሉ ደጅ ሲጠኑ የኖሩ ናቸውና፣ እግዚአብሔር አምላክ የመንግሥቱን ደጅ ሳያስጠብቅ ይክፈትላቸው፤ ከቀደመቻቸው ልጃቸውም ጋር ያገናኛቸው፤ በደላቸውን ሳይሆን ድካማቸውን ይቁጠርላቸው። ለእኛ ለቀሪዎቹም መጽናናትን ይስጠን።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ዛሬ እግዚኦ ስትሉ ለሁለት ሰው በሉ፤ ለዓምደ ሚካኤልና ለዳኜ። ያ የመርሐቤቴ ሰው በሆስፒታሉ በር የነገረኝ ቃል፣ አንድም ሳልጨምር አንድም ሳልቀንስ፣ ይህ ነው፦

«አባቴ አሁን ዐረፉ። ወረቀታቸው ግን እስከ ሐሙስ ይሠራል፤ ስማቸው ሲጠራ አቤት በል።»